ደህናው ዓይን፦ የአንዲት የደሴ አያት ጉዳይ

መጀመሪያ ያየሁት ጣቷን ነው። የግራ እጇ ሌባ ጣት ጫፉ ቀልቷል፣ ቆዳውም ተልጧል። «ምን ነካሽ እማማ?» አልኳት። «ምጣድ ነው» አለችኝ።

ቡና ሲቀዳ ግን ምጣድ እንዳልሆነ ገባኝ። ጀበናውን በቀኝ እጇ አነሳች። በግራ እጇ ረከቦቱ ላይ ያሉትን ሲኒዎች ዳበሰች። አንዱን ስታገኝ ሌባ ጣቷን አጠፍ አድርጋ ወደ ሲኒው ውስጥ አስገባች። ከዚያ ቀዳች። ትኩሱ ቡና ጣቷን ሲነካት አቆመች። ስድስት ሲኒ እንደዚያ ቀዳች፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ቤት ውስጥ ሰባት ሰው ነበርን። ማንም ልብ አላለም። እኔም ያየሁት ከኮምቦልቻ የመጣሁት ከሁለት ወር በኋላ ስለሆነ ይመስለኛል። በየቀኑ የሚያያት ሰው፣ ቀስ በቀስ የሚመጣ ለውጥ አይታየውም።

ይህን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው። ስሟን አልጠራም። «ለሌላ ሰው ከጠቀመ ጻፈው» ብላኛለች።

አያቴ 71 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ስኳር የለባትም። ደም ግፊት አለባት፤ መድኃኒቷን ግን አታቋርጥም። የቀኝ ዓይኗ ብሌን ላይ ነጭ ነገር መታየት የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሞራ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገንም። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ሞራ ማለት ነጭ ነው፣ ፊት ለፊት ይታያል።

በ2013 ዓ.ም. አጎቴ መነጽር ወደሚሠራ አንድ ቤት ወስዷት ነበር። በባትሪ አዩና «ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ታስወጣለች» አሏቸው። አንድ መነጽር ሸጠውላት ተመለሱ። በጥቅምት 2014 ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ቤተሰቡ ተበተነ። የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ዕቃቸው ተሰባበረ። ከተማው ሲረጋጋ ሁሉም የራሱን ፍርስራሽ በማንሳት ተጠመደ። የእማማ ዓይን ያን ጊዜ የማንም ሐሳብ አልነበረም። እሷም አልጠየቀችም። «አንዱ ደህና ነው፤ አብሽሩ» ትለን ነበር።

«ደህናው ዓይን» የምንለው ግራውን ነው። ንጹሕ ጥቁር ዓይን ነው። ነጭ የለበትም፣ አይቀላም፣ አያመውም፣ እንባ የለውም። ፊት ለፊቷ ከተቀመጥክ በስምህ ትጠራሃለች። ስለዚህ በቤታችን የነበረው ስሌት ቀላል ነበር፦ ቀኙ ይበስላል፣ እስከዚያ ግራው ይበቃታል።

አሁን ወደኋላ ሳስበው ምልክቱ ሞልቶ ነበር። አንዲት የድሮ ጎረቤቷ አኩርፋታለች። እማማ መንገድ ላይ በአጠገቧ አልፋ ሰላም ስላላለቻት ነው። በወሎ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰላምታ ያለፈው ሰው ኮርቷል ወይ ተቀይሟል ነው የሚባለው። ሙስባሃዋን ከጉልበቷ አጠገብ አስቀምጣ ቤቱን ሙሉ ታስፈልጋለች። አንድ ቀን ፒያሳ ላይ ባጃጅ ሊገጫት ለጥቂት ተረፈች፤ ሾፌሩን ሰድባ መጣች። ደጃፉ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ለእያንዳንዱ መልስ ነበረን። ጎረቤቷ ቂመኛ ናት። ሙስባሃው መርሳት ነው። ባጃጁ ጥጋበኛ ነው። መውደቁ ደግሞ እርጅና።

«እርጅና ነው» የሚለው ቃል በጣም ያናድደኛል። ለስንት ነገር መዝጊያ እንዳደረግነው! ሰው ሲያረጅ ዓይኑ ይደክማል፣ እውነት ነው። ግን እርጅና የበሽታ ስም አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ስለ ዓይነ ስውርነት ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ። ከእነዚያ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ነው። 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ፣ 5.2 በመቶው የዓይንን ነርቭ በሚገድለው በግላኮማ። ከመቶ 87ቱ መከላከል ወይም ማዳን የሚቻል ነበር። «እርጅና» የሚል ምክንያት እዚያ ሰንጠረዥ ላይ የለም።

ጣቷን ባየሁ በሳምንቱ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.፣ ከእናቴ ጋር ሆነን ወደ ቦሩ ሜዳ ወሰድናት። ወሎ ውስጥ ዓይን ሲባል ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው ቶሎ የሚታወሰው። ለሥጋ ደዌና ለቆዳ ሕክምና የሚያውቁትም ብዙ ናቸው። ጠዋት የደሴ ብርድ ሳይለቅ ነው የደረስነው። ወረፋው ረጅም ነበር፤ አብዛኛው እንደሷ ያለ ሽማግሌና አሮጊት፣ በልጅ ልጅ ትከሻ ተደግፎ የመጣ።

ነርሷ ከስድስት ሜትር ላይ ሹካ የመሰለ ምልክት አሳየቻት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የሹካው ጣቶች ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። በቀኙ ምንም። እጅ ሲወዛወዝ ብቻ ታውቃለች። በግራው ግን 6/18 አነበበች። ሌላው በ18 ሜትር የሚያየውን እሷ በ6 ሜትር ታያለች ማለት ነው። «ደህናው ዓይን» አልኩ በሆዴ። ደስም አለኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ አስሸፈናት። «እናቴ፣ አፍንጫዬን ብቻ ይዩ፤ ጣቴ ሲንቀሳቀስ ሲያዩ አየሁ ይበሉኝ» አላት። እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ጣቱን ያንቀሳቅስ ጀመር። ዝም። ወደ መሐል አቀረበው። ዝም። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጣቱ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ጣቱ ጉንጩ ጋ ሊደርስ ሲል «አየሁ» አለች። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ሌላው ጎን ሞከረ። በሁሉም አቅጣጫ ያው ነው። አያቴ ዓለምን በመቃ ቀዳዳ ነበር የምታየው።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገጣጠመልኝ። ፊቴን ታያለች፣ ከፊቴ አጠገብ ያለውን ግን አታይም። ጎረቤቷ የተቀየመችው፣ ባጃጁ፣ ሙስባሃው፣ ደጃፉ። ሲኒው።

ከዚያ ባትሪውን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው አመላለሰ። ቀኙ ላይ ሲበራ ብሌኑ ይጠባል። ወደ ግራው ሲዞር ብሌኑ ይሰፋል። ነጭ የሸፈነው ዓይን ብርሃኑን በደንብ ይቀበላል፣ ጥቁሩና ንጹሑ ዓይን ግን አይቀበልም። ሐኪሙ ይህንን ሁለት ጊዜ ደገመልኝ፤ ሁለተኛውን እኔ እንድመለከተው ብሎ ነው።

የዓይን ግፊቷ ሲለካ ቀኙ 17፣ ግራው 38 ሆነ። አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ የሚባለው ከ10 እስከ 21 ነው። ይህ ከደም ግፊቷ ጋር አንድ አይደለም፤ ዓይን ውስጥ ያለው ውሃ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይመነጫል፣ በቀጭን መውጫም ይወጣል። መውጫው ሲደፈን ውሃው ይጠራቀማል። ግፊቱም ከኋላ ያለውን፣ ብርሃንን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ እያለ ይገድለዋል። ግላኮማ ማለት ይህ ነው። በእሷ ዓይን መውጫውን የደፈነው እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ብናኝ ነው። አገራችን ውስጥ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታይ ነው አለን። ብዙ ጊዜ አንዱን ዓይን አስቀድሞ ስለሚይዝ ሌላው ዓይን ይሸፍንለታል፤ ሰውየው ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ።

«ቀኙ ቆሻሻ መስኮት ነው» አለን ሐኪሙ። «መስኮቱን እንቀይረዋለን። ግራው መስኮቱ ንጹሕ ነው፤ ሽቦው ነው የተበላው። የተበላ ሽቦ መቀጠል አንችልም።»

እናቴ አልቅሳ ወጣች። እኔ ደግሞ አራቱን ዓመት እቆጥር ነበር። ቀኙ እስኪበስል እየጠበቅን ነበር። ስንጠብቅ የኖርነው የሚድነውን ዓይን ነው። በጠበቅንበት ጊዜ ደግሞ ያለቀው የማይድነው ነው። አንድ ሰው ያን ጊዜ፣ በ2013፣ የግራውን ግፊት ቢለካ ኖሮ! ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። መነጽር ለመሸጥ ዓይኗን ያዩት ሰዎች ነጩን አይተው በቃቸው። እኛም እንደዚያው።

«ይብሰል» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ጠይቄ ነበር። ድሮ በነበረው የቀዶ ጥገና ዘዴ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በትንሽ ቀዳዳ ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሰውየውን ከሥራውና ከኑሮው ካገደው ይበቃል። እንዲያውም ከመጠን በላይ የቆየ ሞራ ዓይን ውስጥ ሊፈስና ራሱ ግፊት ሊያመጣ ይችላል። ሕክምናው ከተለወጠ ስንት ዘመኑ፤ ቃሉ ግን በሰው አፍ ላይ ቀርቷል።

ቀዶ ጥገናውን አልፈልግም አለች። «አላህ የሰጠኝን ዓይን ምላጭ አላስነካም» ብላ ሦስት ቀን ሙሉ አልሰማ አለችን። ሰው ልካ ገታ ድረስ ዱአ አስደረገች። ማንም አልተቃወማትም፤ ዱአው ልቧን አሳርፎላታል። ሐሳቧን ያስቀየረቻት ግን ያቺው ያኮረፈች ጎረቤቷ ናት። ነገሩን ስትሰማ መጣች። እሷም ከሁለት ዓመት በፊት ሞራ አስወጥታለች። ብዙ አላወራችም። መነጽሯን አደረገች፣ ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳበች፣ ምስሩን ትለቅም ጀመር። አያቴ ጠጠሩ አንድ በአንድ ሰሐን ላይ ሲወድቅ ትሰማለች። ቆየችና «ይታይሻል?» አለቻት። «ወላሂ ይታየኛል።» በማግስቱ ለቀጠሮ ደወልን።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው የፈጀው። ዓይኗ ዙሪያ የተወጋችው ማደንዘዣ አሟት ነበር፤ ሌላው ምንም አልተሰማኝም አለች። በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሳ ሁላችንም ፊቷን እናያለን። እሷ ግን ነጠላዋን ነበር የምታየው። ጫፉን አንስታ ወደ ዓይኗ አቀረበችው። «ይሄ ነጠላ ነጭ ነው እንዴ?» አለች። ለካ በዕድሜ ብዛት የዓይን ሌንስ ቀስ እያለ ቢጫ ይሆናል፣ ንጹሕ በሚመስለው ዓይንም ቢሆን፤ ነጩም ሰማያዊውም ይደበዝዛል። ነጠላዋ አርጅቶ የደፈረሰ መስሏት በሳምንት ሁለቴ ታሳጥበው ነበር። ከዚያ የነርሷን ሰማያዊ ልብስ አየች፣ ዝም ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «አልሃምዱሊላህ» አለች።

ስለ ግራው ዓይን አጎቴ እንዳይነገራት ፈልጎ ነበር። «ደስታዋን አታበላሹባት» አለ። እኔ አልተስማማሁም። ያላወቀችውን መድኃኒት ዕድሜ ልክ እንዴት ትወስዳለች? ሐኪሙ ራሱ ነገራት፦ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው እንዲቆይ ጠብታው አይቋረጥ። ሰማችው። «የሄደውስ ሄደ፤ የቀረውን ጠብቁልኝ» አለች።

ጠብቁልኝ ማለት እንዲህ ቀላል አልነበረም። ስለ ጠብታው በደንብ ልንገራችሁ፤ ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

የታዘዘላት ቲሞሎል ነው፣ ጠዋትና ማታ። መጀመሪያ አስም እንዳለባት ጠየቋት፤ ይህ መድኃኒት አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። የለባትም። አንዱ ብልቃጥ ወር ገደማ ይበቃል ተባልን። በ12ኛው ቀን አለቀ። አጎቴ «ፋርማሲው ጎደሎ ሰጥቶን ነው» አለ። እኔ ቅዳሜ ስመጣ «እስቲ ጨምሪ፣ ልይሽ» አልኳት። አንጋጠጠች፣ ብልቃጡን ከላይ አዘቀዘቀች፣ ጨመቀች። አንዱ ጉንጯ ላይ፣ አንዱ ቅንድቧ ላይ፣ ሦስተኛው ምናልባት ዓይኗ ውስጥ። ከዚያ ሻሿን አንስታ ሁሉንም ጠረገችው። የቀጠሮዋ ቀን ግፊቱ 27 ነበር። ወርዷል፣ ግን አይበቃም።

አሠራሩን ቀየርን። አሁን የምትጨምርላት የ12 ዓመት የአክስቴ ልጅ ናት። እማማ አልጋዋ ላይ ትተኛለች። ልጅቷ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ ታደርግና አንዲት ጠብታ ብቻ ትጥላለች። እማማ ዓይኗን ትጨፍንና በአፍንጫዋ በኩል ያለውን የዓይኗን ጥግ በጣቷ ሁለት ደቂቃ ያህል ትጫናለች። እንዲህ ካልሆነ መድኃኒቱ በእንባ መውጫው ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል። ብልቃጡን መስኮት ሥር እናስቀምጠዋለን። የደሴ ብርድ ያቀዘቅዘዋል፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ዓይን ውስጥ መግባቱ ያስታውቃል። ልጅቷ «ገባ?» ትላለች፤ እሷ «ገባ» ትላለች። ካልገባ ይደገማል። ማታ ማታ የሚገባ ሌላ ዓይነት ጠብታም ታዘዘላት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊቱ 18 ሆኖ ተገኘ።

በመሐል ረመዳን ገባ፣ የካቲት መገባደጃ ላይ። እማማ ጠብታውን አቆመች፤ ለማንም አልነገረችም። ልጅቷ ናት በስልክ የነገረችኝ። ጾም ያፈርሳል ብላ ነው። ተከራክሬ አላሸንፋትም፤ ስለ ሃይማኖቷ የማስተምራት እኔ አይደለሁም። የሰፈሩን መስጊድ ኢማም ለመንኳቸው፤ ቤት ድረስ መጡ። የዓይን ጠብታ ጾም አያፈርስም አሏት። እሷ ግን ልቧ ሙሉ በሙሉ አላረፈም። ያኔ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የታዘዘላትን የቀኝ ዓይኗን ጠብታ ከአፍጥር እስከ ሱሁር ባለው ሰዓት አከፋፈለላት። የግራው ደግሞ በቀን ሁለቴ ብቻ ነው፤ አንዱን ሱሁር ላይ፣ አንዱን ከአፍጥር በኋላ አደረግነው። ቀኑን ሙሉ የሚገባ ነገር የለም። ጾሟም ሞላ፣ መድኃኒቱም አልተቋረጠ። ምነው ከመጀመሪያው ይህን የሚነግረን ሰው በነበረ! ሙስሊም በበዛበት ከተማ፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ለግላኮማ ታካሚ ሁሉ መነገር ያለበት ነገር ነው።

ሱጁዱም እንደዚያው ነበር። ቀዶ ጥገናውን ካደረገች በኋላ ለሳምንታት እንዳታጎነብስ ተነግሯት ነበር። ነርሷ ወዲያው «ሰላትሽን ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ስገጂ» አለቻት። የአገሯን ሰው የምታውቅ ነርስ! ሰጋጃዋ ላይ ወንበር አደረግንላት።

በሁለተኛው ወር ቀኝ ዓይኗ ከሩቅ 6/12 አነበበ። የምስር መልቀሚያ መነጽርም ተሰጣት። ቀኙ ዙሪያውንም ያያል። ባጃጅ ከጎን ሲመጣ ቆማ ታሳልፈዋለች። ቡና ስትቀዳ ጣቷን ሲኒ ውስጥ አታስገባም፤ ጠባሳዋ ግን አልጠፋም። አሁንም «ደህናው ዓይኔ» ስትል ወደ ግራው ነው የምትጠቁመው። የአራት ዓመት ልማድ ነው።

ግላኮማ በዘር ይሄዳል። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን «ልጆቿ ሁሉ ይታዩ፣ በተለይ ከ40 በላይ የሆኑት» ብሎን ነበር። ይህን ማስፈጸም ከቀዶ ጥገናው በላይ አድክሞኛል። እናቴ ታየች፤ ደህና ናት፣ በዓመት ትመለሳለች። አጎቴ 49 ዓመቱ ነው። ምንም አያመኝም እያለ ነው የሄደው። የግራው ግፊት 26 ሆነ፣ ነርቩም መጎዳት ጀምሯል። ገና በመጀመሪያው ላይ ነው የተያዘው። እሱም አሁን ብልቃጥ መስኮት ሥር አለው።

ታናሿ አክስቴ አልሄደችም። ልጇ ናት ለእማማ ጠብታውን የምትጨምረው። ስደውልላት እንዲህ ትለኛለች፦ «እኔ ምን ሆንኩ፤ ሁለቱም ዓይኔ ደህና ነው።» በሚቀጥለው ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ። ጠዋት ቤቷ ሄጄ አብረን ወደ ቦሩ ሜዳ እንድንሄድ እለምናታለሁ።